ከሃያ ወደ ሠላሳ የገባችው ገመድ

ይህ የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ሰቆጣ ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚያስፈራ ነገር ገጥሞኛል። የተሳፈርኩበት መኪና ተገልብጧል፤ ሁለት ቀን ሙሉ አምጬ ወልጃለሁ። ሳላስበው ዛሬም እጄን ላብ የሚያልበው ግን የዚያ ሳምንት ነገር ነው። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁልኝ ይገባችኋል።

በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የተወለድኩት ጋዝጊብላ ነው። ደሴ ኮምፒውተር ተምሬ ስጨርስ ሰቆጣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። በደብዳቤው ላይ የኔትወርክ ባለሙያ እባላለሁ፤ ሰው ግን «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነበር የሚለኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ እኔ ነኝ የምጠራው። መብራት ሲጠፋም እኔ ነኝ። አንድ ቀን የአለቃዬ ባለቤት ካውያ ልካልኛለች፤ ሠርቼ መለስኩላት።

ቢሮው ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ታች ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ከየወረዳው የሚመጡ ገበሬዎች በፕላዝማ ስልጠና የሚከታተሉበት። ላይ ደግሞ ጠባብ ክፍል አለች፤ ኃላፊዎቹ ሌላ ከተማ ካሉ አለቆቻቸው ጋር በፕላዝማ የሚሰበሰቡባት። የእሷ በር ሁልጊዜ ዝግ ነው። የቀሩት ተራ ቢሮዎች ናቸው። የሁሉም ገመድ ተሰብስቦ የሚገባው በደረጃው ሥር በቆመ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ገመዶቹን የሚያገናኝ፣ ሃያ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ስዊች የሚባል አንድ ዕቃ ተቀምጧል።

ሦስት ስዊች ቢገዛ ደስ ባለኝ። የተገዛው አንድ ስለሆነ አንዱን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። በእኛ ሙያ ይህ ክፍፍል ቪላን ይባላል። ለቢሮዎቹ አሥር፣ ለአዳራሹ ሃያ፣ ለላይኛዋ ክፍል ሠላሳ ቁጥር ሰጠሁ። ከሕንጻው ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱም አብረው በእሱ ላይ ይሄዳሉ። እንዳይደባለቁ፣ ስዊቹ ወደ ጋራው መስመር በሚያወጣው መረጃ ሁሉ ላይ የቪላኑን ቁጥር ይለጥፍበታል። ይህ ልጥፍ ታግ ይባላል። ከውጭ የሚመጣውንም ታጉን አይቶ ለየባለቤቱ ቀዳዳ ያደላል፤ ሲያስረክብ ታጉን ያነሣዋል። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ በአንድ ሳጥን ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖሩ አይተያዩም።

ይህን ሠርቼ ስጨርስ ኩራቴ ለጉድ ነበር። አባቴ ሰቆጣ በመጣ ቁጥር ያንን ሳጥን እየከፈትኩ አሳየው ነበር። እሱም ብርሃናቱን እያየ «ደግ ነው» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን በስንፍና ተውኩ። የአዳራሹና የላይኛዋ ክፍል የፕላዝማ መቀበያዎች ከአንድ ካርቶን የወጡ መንትዮች ናቸው፤ ሲመጡም በአንድ ቻናል ተሞልተው ነው የመጡት። አንዱን መቀየር ነበረብኝ። ቪላኑ ለያይቷቸዋል፣ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። የአዳራሹ መስመር እየተቆራረጠ አስቸግሮኝ ልፈትሸው ሳጥኑን ከፈትኩ። የአንዲት አጭር ገመድ አንዱን ጫፍ ከአዳራሹ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክቼ፣ ሌላውን ጫፍ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁ። ፈትሼ ሳልጨርስ አለቃዬ አስጠራኝ፤ ፕሪንተሩ እንደገና ወረቀት በልቷል። ላፕቶፔን ነቅዬ ሳጥኑን ቆልፌ ሮጥኩ። ገመዷ አንድ ጫፏ ተሰክቶ፣ ሌላው ጫፏ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዓርብም ረሳኋት።

ሰኞ ጠዋት በአዳራሹ የዘመናዊ ቀፎ ስልጠና ነበር። ከደሃናና ከጋዝጊብላ የመጡ ገበሬዎች ወንበሩን ሞልተውታል። ስልጠናው በፕላዝማ ከሌላ ከተማ ይመጣል ተብሎ ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑን ከፈትኩላቸው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። «ይጠብቁ፣ አሁን ይመጣል» አልኩና በሩ ጋ ቆምኩ። በዚያው ሰዓት ላይ ኃላፊዎቹ ላይኛዋ ክፍል ለስብሰባ ገብተው በራቸውን ዘግተዋል።

ስክሪኑ በርቶ ሰው ታየ። ንብ አልነበረም። ረዥም ጠረጴዛ፣ ከኋላው እኔ የማላውቃቸው ሦስት ሰዎች፣ በጥግ ደግሞ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የእኛው ኃላፊዎች ተደርድረው ይታያሉ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። «ያ የእኛ ሰውዬ አይደለም እንዴ? ምነው ከሳ!» አለ አንዱ። እኔም አብሬ ፈገግ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው ወረቀት አንሥቶ ማንበብ ጀመረ። ሳያስመዘግቡ የጦር መሣሪያ ይዘዋል የተባሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ከነቀበሌያቸው ያነባል። በዚህ ሳምንት ሳይሰሙ በድንገት ቤታቸው ይፈተሻል አለ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

ሳቁ ቀጥ አለ። አራተኛው ስም ሲጠራ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሰው ጋቢውን አስተካከለ፤ በትሩን አነሣ፤ ማንንም ሳያይ ወጣ። በእኔ አጠገብ ነው ያለፈው። አወቅሁት። የእኛ ቀበሌ ሰው ነው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ስሙን አልጽፈውም።

ለአንድ አባታችን ሆይ ያህል ጊዜ ደንዝዤ ቆምኩ። ከዚያ እንዴት እንደደረስኩ ሳላውቀው ደረጃው ሥር ነበርኩ። ሳጥኑን በስንት መከራ ከፈትኩት። ያች አጭር ገመድ ሁለቱም ጫፎቿ ተሰክተዋል። ማን እንደሰካት፣ የትኛው ቀዳዳ እንደገባች እንኳ ሳላይ መንጭቄ ነቀልኳት። አዳራሹ ውስጥ ድምፁ ጠፋ።

ቀና ስል አለቃዬ ደረጃው ላይ ቆሟል። አንድ ሰው ሮጦ ነግሮት እየወረደ ነበር። ሳጥኑ ተከፍቷል፤ ገመዷ በእጄ ናት። ገመዷን አየና ተመልሶ ደረጃውን ወጣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ መርማሪ መጣ። ላይ ባለው ባዶ ቢሮ አስቀመጠኝ። ሰውየው የአገራችን ሰው አይደለም፤ ለሥራ የመጣ ነው። የጠበቅኩት ጡጫና ስድብ ነበር። እሱ ግን ሻይ አዘዘልኝ፤ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ፤ «አይዞሽ፣ ተረጋግተሽ አስረጂኝ» አለኝ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔ ያኔ የመሰለኝ አዋቂ ሰው አግኝቼ እንደተረፍኩ ነው።

አስረዳሁት። ስለ ታግ ስነግረው ፊቱ ሲጨልም አየሁና በጆንያ አደረግኩለት። «በአንድ አይሱዙ የሦስት ሰው እህል ይጫን እንበል» አልኩት። «ጆንያው ከቤት ሲወጣ ምልክት የለውም። መኪናው ላይ ሲወጣ ረዳቱ የእርስዎን በቀይ ክር፣ የእኔን በነጭ ክር ያስረዋል። ሲደርስ ክሩን አይቶ ያወርድና ክሩን ይፈታዋል፤ ቤት ከደረሰ ክር ምን ያደርጋል? እንግዲህ በእርስዎ በር ላይ ክሩ የተፈታውን ጆንያ አንድ ሰው ተሸክሞ በእኔ በር ቢያስገባው፣ ረዳቱ የእኔ ነው ብሎ ነጩን ክር ያስርበታል። ረዳቱ አልዋሸም። ያች ገመድ ያደረገችው ይህንን ነው። ከሠላሳ በር ታጉ ተነሥቶ የወጣውን በሃያ በር አስገባችው። ስዊቹም የሃያ ነው ብሎ ለአዳራሹ አደለው፤ ሁለቱ መቀበያዎች አንድ ቻናል ላይ ስለሆኑ አዳራሹ አሳየው።»

ሰውየው በጥሞና ሰማኝ። አንድ ሁለቴ ራሱን ነቀነቀ። ከመምህሮቼ አንዱ እንኳ እንዲህ በደንብ አዳምጦኝ አያውቅም።

«በጣም ገብቶኛል» አለ። «ታዲያ ይህን የሚያውቅ በዚህ ሕንጻ ስንት ሰው አለ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እያብራራሁ የነበረው ስለ ገመድ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። በገዛ አፌ ጉድጓዴን ቆፍሬ፣ አስተካክዬ፣ አፈሩን ሁሉ ጠርጌለት ነበር። «እኔ ብቻ» አልኩ።

«የሄደው ሰውዬስ? የአገርሽ ሰው ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ገመዱን ለምን ነቀልሽው? እንዳለ ብትተዪው ማን እንደሰካው እናይ አልነበር?»

በድንጋጤ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። አባቴ ታየኝ፤ እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዞ ቆሞ። እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታለቅስ ታየችኝ። የስንት ዓመት እስር ይሆን ብዬ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» አለ።

«እኔ ጋ» አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ሳልተነፍስ፣ «ሌላ ቁልፍ አለ። ጋሽ ወልዱ ጋ» አልኩ።

ጋሽ ወልዱ ጥበቃችን ነው። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል። ዝናብ ሲሆን ጥላውን ይዞ እስከ መንገድ የሚሸኘኝ እሱ ነበር። ገመድ ከገመድ እንደማይለይ አውቃለሁ። ስሙን የጠራሁት ቁልፍ ስላለው ብቻ አይደለም። መርማሪው ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ሌላ ሰው ላይ እንዲያሳርፍልኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስሙን እንደጠራሁ መርማሪው በሩን ከፍቶ «ጥበቃውን ጥሩልኝ» አለ።

ጋሽ ወልዱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። መርማሪው አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። «ይህች ልጅ ሌላው ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው ትላለች» አለው። ጋሽ ወልዱ አንዴ አየኝ። እኔ ሻዬን አየሁ።

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ዘንድ ነው።»

«ሰሞኑን ከፍተዋል?»

«ዓርብ ከፍቻለሁ። አቧራ ነበረው።»

«ገመድ ነክተዋል?»

«አልነካሁም።»

«ታዲያ ማን ነካ?»

ጋሽ ወልዱ ባርኔጣውን ዞር ዞር አደረገው። «እኔ እንጃ» አለ።

መርማሪው ብዙ ደጋገመበት፤ ድምፁም ከፍ አለ። እኔን ያነጋገረበት ያ ለስላሳ ድምፅ ከየት መጥቶ የት እንደሄደ እንጃ። ሽማግሌው ግን ከዚያች ቃል ፈቀቅ አላለም። እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። በመጨረሻ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። እኔን «ጠዋት እዚሁ እንድትገኚ» ብለው ለቀቁኝ።

ወደ ተከራየሁበት ቤት ስሄድ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። ፈርቼ ነበር፤ ግን አልዋሽም፣ ትንሽ ቀሎኝም ነበር። ዓርብ ጋሽ ወልዱ ሳጥኑን ለማን ከፈተ ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር። ጥበቃ አቧራ አይጠርግም። በዚያ ቢሮ አቧራ የሚጠርግ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አላሰብኩም። ይመስለኛል ማሰብ አልፈለግኩም።

በማግስቱ እዚያው ቢሮ መርማሪው ፊት ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። እማማ ብርቄ ናቸው፤ የቢሮው ጽዳት። መጥረጊያቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። እማማ ብርቄ አማርኛ ይችላሉ፤ ሲቆጡ ግን የአገራችን ቋንቋ ኽምጣና ነው የሚቀናቸው። ለእኔ በኽምጣና፣ ወልዱን ምን አድርጎ ነው የወሰዱት ብለው ጠየቁኝ። ሳልመልስላቸው መርማሪው ጠረጴዛውን መታ። «በአማርኛ! እዚህ በምስጢር መነጋገር የለም!» አለ። ጭራሽ ከአሮጊቷ ጋር የምዶልት መሰልኩት።

እማማ ብርቄ ግን አልደነገጡም። ነጠላቸውን አመቻቹና በአማርኛ ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ ሳጥኑን ለምኜ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ አቧራውን አራግፋለሁ፤ ይችም ልጅ አቧራ በዛብኝ እያለች ታማርራለች። ያ ገመድ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከሥሩ ደግሞ ክፍት ቀዳዳ አለ። ቅዳሜንና እሑድን ማንም አይመጣም። ክፍት ነገር ትቶ አይታደርም አልኩና ከተትኩት።»

መርማሪው አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። በእኛ አገር ማንም እናት እንስራ ሳትከድን፣ የዱቄት ዕቃ አፉን ሳትሸፍን አትተኛም። ክፍት ያደረ ዕቃ ውስጥ ምን እንደሚገባ አይታወቅም። እናቴ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ሲጠፋባት በጨርቅ ትወትፈዋለች። እማማ ብርቄ ያዩት ሁለት ክፍት ነገር ነው። አንዱን በአንዱ ዘጉት።

«ማን አስተማረዎት?» አለ መርማሪው።

«ምኑን?»

«ገመዱን እንደዚያ መሰካት።»

«ክፍት መዝጋት ትምህርት አለው እንዴ?» አሉ እማማ ብርቄ። አልቀለዱም። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

መርማሪው አላመነም። ይዞን ወረደ። አንድ ፖሊስ ላይኛዋ ክፍል ካሜራው ፊት አስቀመጠ፤ ሌላ ሰው አዳራሹ በር ላይ ስክሪኑን እንዲያይ አቆመ። ለእኔ «ዓርብ እንደነበረው አድርጊው» አለኝ። ገመዷን አንድ ጫፏን አዳራሹ ቀዳዳ ሰካሁ፤ ሌላውን ተንጠልጥሎ ተውኩት። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። «ቃል እንዳትተነፍሺ። በዓይንሽም እንዳትጠቁሚ» አለ።

የዚያን ጊዜውን ፍርሃት በምን እንደምገልጸው አላውቅም። በስዊቹ ላይ ብዙ ክፍት ቀዳዳ ነበር። እማማ ብርቄ የቢሮዎቹን ቀዳዳ ቢነኩ፣ አዳራሹ ውስጥ ምንም አይታይም። ያኔ አሮጊቷ እኔን ለማዳን ዋሹ ይባላል፤ ሦስታችንም እንገባለን። ከሃያ አራቱ ለላይኛዋ ክፍል የሰጠኋት አራት ቀዳዳ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ነበር ገመድ ያለበት።

እማማ ብርቄ ጎንበስ አሉ። መነጽር የላቸውም። የገመዷን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱ፤ ተንጠልጥላ እስከምትደርስበት ወደ ታች ተከተሏት፤ ከታችኛው ረድፍ ጥግ ላይ ወዳለው ክፍት ቀዳዳ አስጠጓት። አንዴ አልገባ አላቸው። ገልብጠው ሞከሩ። ቀጭ አለ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ጠበቅሁ። ከአዳራሹ ምንም የለም። አሁንም ምንም የለም። ቀኔ ደረሰ ስል በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ በሳቅ ፈነዳ። ሄደን አየን። በሰፊው ስክሪን ላይ፣ ላይኛዋ ክፍል ያለው ፖሊስ ማንም የማያየው መስሎት በካሜራው መስታወት ጥርሱን እያየ በጥፍሩ ይጎረጉራል።

መርማሪው አልሳቀም። ስክሪኑን ለረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ እማማ ብርቄን አየ። «ሁለተኛ ገመድ እንዳይነኩ» አላቸው። እሳቸውም «እሷም ክፍት ትታ እንዳትሄድ» አሉት፣ በእኔ ላይ አገጫቸውን እየቀሰሩ።

በዚሁ አበቃ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኝ ነበር። የዚያኑ ዕለት የአንዱን መቀበያ ቻናል ቀየርኩ። ሥራ የሌላቸውን ቀዳዳዎች በሙሉ ከስዊቹ ላይ አጠፋኋቸው፤ ገመድ ቢሰካባቸውም እንዳይናገሩ። ከሦስተኛው ረድፍ የወጣው ሰውዬም ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ መሣሪያውን ራሱ አስመዘገበ ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ ወልዱን እንደፈቱት በር ላይ ጠበቅሁት። ዓይኑ ሥር አብጧል። እንቅልፍ ማጣት ነው አለኝ፤ አልጠየቅሁትም ነበር። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አነሣኝ።

«እማማ ብርቄ እንደሆኑ ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«አጠገባቸው ቆሜ የለ!»

«ታዲያ እርስዎ ምነው ዝም አሉ?»

«እሳቸው ፖሊስ ቤት ያድራሉ? በዚያ ዕድሜያቸው?» አለ። ቀጥሎ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ፣ «አንቺም ፈርተሽ ነው። ልጅ ነሽ» አለኝ። ባርኔጣውን አደረገና ወደ ቦታው ሄዶ ቆመ። ከዚያ በኋላ እስከተዛወርኩ ድረስ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ዝናብ ሲሆንም ጥላውን ይዞ መሸኘቱን አልተወም።

እኔ ዛሬ ሌላ ከተማ ነው የምኖረው። አሁንም የምሠራው በዚሁ ሙያ ነው። ለአዳዲስ ልጆች ስለ ቪላን ሳስተምር የእማማ ብርቄን ነገር እነግራቸዋለሁ፤ በሳቅ ይፈርሳሉ። ጥርሱን የሚጎረጉረው ፖሊስ ጋ ስደርስ እኔም እስቃለሁ። የጋሽ ወልዱን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ወልዱ ማረፉን ዘግይቼ ሰማሁና ሰቆጣ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሴት ልጁ ተቀበለችኝ። እያለቀሰች አባቷ ስለ እኔ ሁልጊዜ በጎ በጎውን ያወራ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ጠጋ አለችኝ።

«አንቺ ያኔ እዚያው ነበርሽ» አለችኝ። «ያለ ጥፋቱ ያሳሰረው ሰው ማን ነበር? እስኪሞት ድረስ ጠይቀነው አልነገረንም። ሰው ላይ ቂም አታሳድሩብኝ ነው የሚለን።»

መርማሪው ፊት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። «እኔ እንጃ» አልኳት።

በዚያ ቃል ጋሽ ወልዱ ሰው አድኖበታል። እኔ ራሴን ሸሸግኩበት። ከሰቆጣ እስክወጣ ድረስ ተመልሼ ልነግራት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ እጄን ላብ እያላበው ነው። እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ የአባትሽን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ።